ሙሽራውን ላኩልኝ፤ ዣንጥላውን እመልሳለሁ

ኮልፌ፣ ነሐሴ ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወልደ አማኑኤል ነገሬ
የክረምት እንግዳ ማበረታቻ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ክረምት በእርስዎ ላይ እንዴት እያለፈ እንደሆነ ዘወትር እንደማስብ እንዲያውቁልኝ እለምናለሁ። ጉልበትዎን ቁርጥማት፣ ደረትዎን ጉንፋን፣ ጫማዎን ጭቃ እንዳይነካው ምኞቴ ነው። ስለ ጫማዎ የተመኘሁት እንኳ ቀድሞ የተሰማልኝ ይመስለኛል፤ ኮሚቴዎ ከተቋቋመ ወዲህ እግርዎ ኮልፌን ረግጦ አያውቅምና። ለክብርት ባለቤትዎና ለልጆችዎም ጤና እመኛለሁ። ሴት ልጅ ካለችዎ ደግሞ ለእሷ ከሁሉም አብልጬ እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ሲሉ ይደርሱበታል።

እኔ ይመር አሊጋዝ እባላለሁ። ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ ሲመጡ፣ ባሕር ዛፉ የሚበዛበት ጋ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር ያለውን ቤርጎ የማስተዳድር፣ ዕድሜዬ የገፋ የልጆች አባት ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ ነገርን በተራ ቁጥር ማስቀመጥ የለመድኩት እዚያ ነው። ባለቤቴ ዘይቱና፣ "ይኼ ሰውዬ ህልሙንም ቁጥር ሳይሰጠው አያልመውም" እያለች ትቀልድብኛለች። ስለዚህ ክቡርነትዎን ላለማድከም ምስጋናዬንም አቤቱታዬንም በተራ አድርጌ አቅርቤአለሁ። ደብዳቤውን ለጋዜጣም እልከዋለሁ። ጋዜጣው ቦታ ከጠበበው በቤርጎዬ በር ላይ ይለጠፋል፤ በክረምት በሬ ሥር ዝናብ ሊጠለል የሚቆም ሰው አይጠፋም፣ ቆሞ ደግሞ ያነባል።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ጉዳዬ በአጭሩ ይኸውና፦ ኮሚቴዎ ፈረንጅ ለመሳብ ሲል ልጄን ሰዓዳን ለሹፌሩ ዳረብኝ፤ ሹፌሩ መጥቶ ይፍታልኝ ብዬ ብጠይቅ ደግሞ "ሥራ ላይ ነው" ተባልኩ።

፩ኛ፣ ስለ መልካም ሐሳብዎ አመሰግናለሁ። እኛ ባለቤርጎዎች ክረምቱ ከወጣ በኋላ እንግዳ አናጣም። ወደ መናገሻ ጫካና ወደ አምቦ ፍልውሃ የሚያልፈው ፈረንጅ እኛ ጋ ያድራል፣ ቁርስ ይበላል፣ የወጨጫን ተራራ ከበረንዳ ላይ ሆኖ ፎቶ ያነሳል። ሰኔ ሲገባ ግን ወጨጫም ደመና ውስጥ ይገባል፣ ፈረንጁም አገሩ ይገባል፤ የምንቀረው እኛና እርጥብ ፍራሻችን ነን። ታዲያ ክቡርነትዎ ሰብስበውን፣ "ክረምት የሚያስፈራ ወቅት አይደለም፣ ገና ያልተዋወቅነው ሀብት ነው" ብለው ኮሚቴ መቋቋሙን ሲያበስሩን እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ያንን ጭብጨባ ማስመለስ ለሚፈልግ ሰው የትኛው ቢሮ እንደሚመለከተው ቢያሳውቁኝ ደግሞ እንደገና አመሰግናለሁ።

፪ኛ፣ ስለ ዣንጥላው። በዚያው ስብሰባ ለየቤርጎውና ለየአውቶቡስ ሹፌሩ አንዳንድ ቢጫ ዣንጥላ በስጦታ አድለውናል። ላዩ ላይ የምትስቅ ፀሐይ፣ ከፀሐይዋ ሥር የኮሚቴው ማኅተም። ዝናብ መከላከያ ላይ ፀሐይ ለመሳል ያሰበው ሰው ትልቅ ሰው መሆን አለበት። "ይህ ስጦታ የእናንተ ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተላለፍ" ያሉትን ቃል አንባቢ እንዲይዝልኝ አደራ እላለሁ፤ ኋላ ይፈለጋል።

፫ኛ፣ ስለ ሠርጉ። በአገራችን በክረምት እንደማይደገስ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ዳሱ ያፈሳል፣ ዘመድ ወንዝ መሻገር ያቅተዋል፣ ሙሽሪት ከጭቃ ጋር ስትታገል ትውላለች። የኮሚቴዎ ወጣት ባለሙያ አቶ ዳኛቸው ግን፣ ፈረንጅ ሠርግ ስለሚወድ በየቅዳሜው በአንዱ ቤርጎ ውስጥ የጨዋታ ሠርግ እንዲኖር አዘዘ፤ ተዋንያኑን ኮሚቴው ያመጣል፣ ቤቱንና ሻዩን እኛ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ የተጠየቁት ጎረቤቴ ባለቤርጎዋ ወይዘሮ ብዙነሽ ነበሩ። እሳቸው በየቤቱ እየተሰበሰቡ ከሚጸልዩት ጴንጤዎች ወገን ናቸው፤ "ጌታ ፊት የሚገባን ቃል ኪዳን ለፎቶ አንጫወትበትም" ብለው አቶ ዳኛቸውን ከነቦርሳው ሸኙት። እሱም ቀጥ ብሎ እኔ ጋ መጣና፣ የእኔ ቤት የሙስሊም ቤት ስለሆነ "የእስላም ሠርግ" እንደሚደረግ፣ ይህም ለፕሮግራሙ ዓይነት እንደሚጨምርለት ገለጸልኝ። ወይዘሮ ብዙነሽ ዛሬ በአጥር በኩል ሲያዩኝ፣ "ጋሽ ይመር፣ እኛ ጸልየን ነው እምቢ ያልነው፤ እናንተ ምን አድርጋችሁ ነው እሺ ያላችሁት?" ይሉኛል። መልሱን ኮሚቴው ቢጽፍልኝ እወዳለሁ።

፬ኛ፣ ስለዚያች ቅዳሜ። የዚያን ቀን ዝናብ ክቡርነትዎ በመስኮት አይተውት ይሆናል። ተዋንያኑን፣ ማለትም ሙሽራውን፣ ሙሽሪትን፣ የሙሽሪትን አባትና ሼህ የሚሆነውን ሰውዬ የጫነችው መኪና፣ ከጦር ኃይሎች ወደ እኛ በሚታጠፈው መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ገብታ ቀረች። ፈረንጆቹን የጫነው አውቶቡስ ግን፣ ሹፌሩ ጀላል መንገዱን አሳምሮ ስለሚያውቅ፣ በሰዓቱ ደረሰ። ካፖርታቸው የሚያንጠባጥብ ፈረንጆች ካሜራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሳሎኔን ሞልተው ሲቀመጡ፣ ቤቱ ውስጥ ሠርግ የሚባል ነገር አልነበረም።

አቶ ዳኛቸው ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሳሎን ሲመላለስ ቆየና ሻይ ይዛ የምትዞረውን ልጄን አያት። "ጋሽ ይመር፣ ለአገር ነው፤ ነጠላ ጣል አድርጋ ለአንድ አፍታ ትቀመጥ" አለኝ። ዘይቱና ከኩሽና፣ "ልጄ የታጨች ናት፤ የሌላ ሰው ሙሽራ ሆና አትቀመጥም!" ብላ ጮኸች። "እትዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው" አላት። ሰዓዳ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ፈረንጆቹን አየሁ፣ ባዶ ክፍሎቼን አሰብኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ነጠላውን ለበሰችና አቀርቅራ ተቀመጠች።

ሙሽራ ሲፈለግ ጀላል በሩ ላይ ጫማውን ይጠርግ ነበር። "ሙስሊም ነህ?" ተባለ፤ ነኝ አለ። "አግብተሃል?" ተባለ፤ አላገባሁም አለ። "በል ተቀመጥ" ተባለ፣ ተቀመጠ። ምስክር ሲፈለግ ቡና ከጅማ የሚያመላልሱ ሁለት የጭነት መኪና ሹፌሮች፣ ሁለቱም ሙስሊሞች፣ ቤርጎዬ አድረው ኖሮ ከነሻያቸው ተጠሩ።

ከፈረንጆቹ መካከል ብዙ የእስላም አገር የዞሩ፣ ቴፕ የያዙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ጉዳዩ በጭፈራና በእልልታ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን በአስተርጓሚ፣ "የሴቲቱ አባት የታለ?" ብለው ጠየቁ። አቶ ዳኛቸው ደረቱን ነፍቶ፣ "እውነተኛው አባቷ ራሱ አለ!" ብሎ ወደ ፊት ገፋኝ። "ለሙሽሪት የሚሰጠው መህርስ?" አሉ። ጀላል እጁ ላይ የነበረውን ቢጫ ዣንጥላ ብድግ አደረገና ልጄ ጭን ላይ አኖረው፤ ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ የጀላልን እጅ አስያዙኝና፣ "ልጄን ሰዓዳን ድሬልሃለሁ" አልኩ። ጀላልም "ተቀብያለሁ" አለ። ተጨበጨበ።

ሽማግሌው ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቴፑ ስላልያዘላቸው ይደገምልኝ አሉ። ደገምነው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እኔ ይመር አንዲት ልጄን ለአንድ ሹፌር ሁለት ጊዜ የዳርኩ አባት ነኝ፤ ሁለተኛው ድምፁ ጥርት ያለ ነው ይባላል።

ጭብጨባው ሲያበቃ እውነተኞቹ የውሸት ሙሽሮች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ደረሱ። ሠርጉ እንዳለቀ ሲሰሙ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ሼህ ሆኖ ሊጫወት የመጣው ሰውዬ ሁለት ጠጣ።

፭ኛ፣ ስለ እውነተኛው ሼህ። የቡናዎቹ ሹፌሮች ያዩትን መስጊድ ሄደው እንደ ጨዋታ አወሩት። ሼህ ሙዘይን አስጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "አባቷ አንተ ነህ?" አሉኝ፤ ነኝ። "ስሟን ጠርተህ ነው የሰጠኸው?" አዎ። "ልጅቱስ?" ዝም አለች። "ዝም ካለች እሺ ብላለች። ወንዱ ተቀበለ?" ተቀበለ። "ሁለት ሙስሊም ሰማ?" ሰማ። "ምን ሰጣት?" ዣንጥላ። ትንሽ አሰቡና፣ "ዣንጥላ ዕቃ ነው፤ ይሆናል" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ "እንግዲህ እንኳን ደስ ያለህ፣ ይመር" አሉኝ።

ጨዋታ ነበር ብዬ ለፈለፍኩ፣ ኮሚቴ አልኩ፣ ፕሮግራም አልኩ፣ ፈረንጅ አልኩ። "በኒካህ ላይ የተቀለደ ቀልድ ቁም ነገር ነው የሚሆነው፤ ይኼን ቁርአን ቤት የዋለ ልጅ ያውቀዋል፤ አንተ ሌላ ትምህርት ስትማር አልፎህ ነው" አሉኝ። መውጫውንም ነገሩኝ፤ ቀላል ነው። ጀላል መጥቶ "ፈትቻታለሁ" ይበል፤ አብረው ስላልኖሩ ሰዓዳ የምትጠብቀው ወራት የለም፤ ከተሰጣት መህር ግማሹ የእሷ ነው፣ ግማሹ ለሰጪው ይመለሳል። "ግማሽ ዣንጥላ እንዴት ይሆናል?" ብላቸው፣ "እሱን ኮሚቴህን ጠይቅ" አሉኝ። ይኸው እየጠየቅኩ ነው።

፮ኛ፣ ስድስተኛውን ዘይቱና ቀድዳ ጥላዋለች። ስድብ ነበር።

፯ኛ፣ ስለ ልጄ። ሰዓዳን ያጫት ረሻድ፣ ጦር ኃይሎች አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ነጋዴ ልጅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሠርጉ ለመስከረም፣ ረመዳን ሳይገባ ተቆርጦ ነበር። ወሬው እንደደረሳቸው ሽማግሌዎቹ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው አልቀመጥ አሉ፤ ሻይ ብቀዳ "ባል ያላት ልጅ ለማጨት የመጣን ይመስል የዚህን ቤት ሻይ አንጠጣም" አሉኝ። እንደቆሙ ሄዱ። ረሻድ ግን ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ "አባባ፣ እኔ እጠብቃለሁ፤ አባቴ ግን ረመዳን ከገባ ቃሉን ያነሳል፣ ሌላ ልጅ እያየልኝ ነው" አለኝ። ልጁ ዓይኔን ማየት አፍሮ ይኼን ሁሉ ያወራው ለአጥሩ ነው።

ልጄ የልብስ ስፌት ትማር ነበር፤ መሄድ ትታለች። መንገድ ላይ ሴቶቹ፣ "የሹፌሩ ሚስት፣ ባልሽ የት ሄደ?" ይሏታል። የዕድሜ እኩዮቿ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ "ጥሎሽሽን ዘርጊው እንጂ!" እያሉ ይስቁባታል። ማታ ማታ ጎኔ ትቀመጥና፣ "አባባ፣ ቁርጡን ንገረኝ፤ ያገባሁ ነኝ ያላገባሁ?" ትለኛለች። ሁሉን ነገር በቁጥር ማስቀመጥ የምችል ሰውዬ፣ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው ቁጥር አጣሁ።

፰ኛ፣ ኮሚቴው ስለሰጠኝ መስተንግዶ። በጽሕፈት ቤትዎ የገጠመኝን ሳልዘረዝር ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ሀ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የስብሰባው ርዕስ "እንግዳን በክብር ስለ መቀበል" እንደነበር በሩ ላይ ተለጥፎ አንብቤአለሁ። ለማንበብ በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ ወንበር ግን አልነበረም።

ለ፣ ጀላል የት እንዳለ ስጠይቅ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐይቆቹ፣ እንግዳ ይዞ እንደተላከና ክረምቱ እስኪወጣ እንደማይለቀቅ ተነገረኝ። ባለትዳር መሆኑን ተነግሮት እንደሆነ ጠየቅኩ። ጸሐፊዋ ሣቀች።

ሐ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጉዳዬን እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ የሠርጉ ትርኢት የኮሚቴው እንደሆነ፣ ፍቺ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ ስላልተያዘ ኮሚቴው ሊፈቅድም ሊከለክልም እንደማይችል አስረዱኝ። ልጄ ከፕሮግራሙ ውጭ እንደሆነች የሰማሁት ያኔ ነው፤ ስትዳር ግን ውስጥ ነበረች።

መ፣ አቶ ዳኛቸው እስከ ደረጃው ሸኘኝ። እዚያ ላይ ዓይኑ በራ። "ጋሽ ይመር፣ ለምን ፍቺውን ቅዳሜ አናደርገውም? ሠርጉን ያዩት ፈረንጆች ሌሎች ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ልጅቷ ትንሽ ብታለቅስ ደግሞ..." አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ የቤርጎ ባኞ የሚያጥብ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይጸየፍም። ያን ቀን ግን እጁን ሲዘረጋልኝ ሳልጨብጠው ደረጃውን ወረድኩ። ወጣቱ ያሳሰበው ፎቶውን የሚያነሱበት ብርሃን ብቻ ነበር።

ሠ፣ ሙሽራውን ለመላክ መኪና አልተገኘም። በሳምንቱ ግን የኮሚቴው ተላላኪ በመኪና ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ሹፌር ጀላል ያላስረከበው አንድ ቢጫ ዣንጥላ እኔ ዘንድ እንደሚገኝ ስለታወቀ ባስቸኳይ እንድመልስ ጠየቀኝ። ለልጅ ልጅ ይተላለፍ የተባለው ዣንጥላ ነው። ለተላላኪው፣ "ዣንጥላውን ወስደህ ሙሽራውን አምጣልኝ" አልኩት። "እሱ የእኔ ሥራ አይደለም" አለኝ። ካፖርቱ ደህና ነበር፣ ዝናብ አልነካውም።

፱ኛ፣ ስለ ስኬትዎ። ይህን ስጽፍ ብዕሬ እምቢ እያለኝ ነው፤ ግን እውነቱ መነገር አለበት። ክረምት ላይ እንግዳ እንስባለን ብለው ነበር፤ ሳቡ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ቤርጎዬ ሞልቶ ያድር ጀመር። ልጄ ነጠላ ለብሳ፣ ዣንጥላው ጭኗ ላይ፣ ጀላል ጎኗ ቆሞ የተነሳችው ፎቶ ፖስት ካርድ ሆኖ በመሃል ከተማ እየተሸጠ ነው፤ ከሥሩ "የክረምት ሙሽራ" ተብሎ ተጽፎበታል። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ካርዱን በእጁ ይዞ፣ "ሙሽሪት የታለች?" ይል ጀመር። ሐምሌ ላይ አልጋዬ እንዲሞላ ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ጠዋት ጠዋት ቁርስ ስዘረጋ፣ እያንዳንዱ ሰሃን የተዘረጋው በልጄ ፊት ላይ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እንግዳ ሰዓዳ በተኛችበት ክፍል መስኮት ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ፣ በጣቷ መስታወቱን እያንኳኳች አገኘኋት። ክፉ ሴትዮ አይደለችም፤ ካርድ ገዝታለች፣ የገዛችውን ልታይ ነው የመጣች። በዚያው ቀን እንግዶቹን ሁሉ ይቅርታ ጠይቄ አሰናበትኩ፣ "ቤርጎ" የሚለውን ሰሌዳ ከነሚስማሩ ነቅዬ አወረድኩ። አሁን ክፍሎቼ እንደ ድሮው ባዶ ናቸው። ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ሰፊ ነገር አይደለም። በጀት አይፈልግም፣ ስብሰባ አይፈልግም፣ ፈረንጅ በፍጹም አይፈልግም። ጀላልን ለአንድ ቃል ያህል ያውሱኝ። ቃሉን ብሎ ሲጨርስ በዚያው መኪና መልሰው ይውሰዱት። ካርዱም እንዳይሸጥ ያድርጉልኝ። ይህ ሲሆን፣ ክረምትን የእንግዳ ወቅት ለማድረግ የተደረገው ድካም ሁሉ በልጄ ላይ ብቻ እንዳልዋለ አምኜ፣ የቀረውን ዕድሜዬን ለኮሚቴዎ ዕድሜ ስጸልይ እኖራለሁ፤ አጭር እንዲሆን።

በዚህ ሁሉ ዝናብ መካከል ደርቀው ለሚቀመጡት ክቡርነትዎ፣ ከነካልሲው ርሶ የሚሰግድልዎ፣ ያለ ፕሮግራም አማት የተደረገ፣ ሰሌዳውን ያወረደ ባለቤርጎ፣

ይመር አሊጋዝ

ግልባጭ፦
ለኮልፌ ሰፈራችን እድር፣
ለአጥቢያ ዳኛው፣
ለሼህ ሙዘይን፣
ለአቶ ዳኛቸው (ብርሃን ባለበት ቦታ እንዲያነበው)፣
ለወይዘሮ ብዙነሽ፣ በአጥር በኩል።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ሳልጨርስ ነገሩ ስለተለወጠ ጥቂት መስመር መጨመር ግድ ሆነብኝ። የላይኛውን ግን አልሰረዝኩም፤ የደከምኩበት ነው።

የሚፈልጉት አውቶቡስ ግቢዬ ውስጥ ነው። ከሁለቱ የቡና ሹፌሮች አንዱ ሻሸመኔ መንገድ ላይ ጀላልን አግኝቶ ባለትዳር መሆኑን ነገረው። ምስኪኑ ልጅ እስከዚያች ሰዓት የሰማው ነገር አልነበረም፤ "የሰው ልጅ በስሜ ታስራ ነው እኔ እዚህ ሐይቅ የማሳየው?" ብሎ፣ የጫናቸውን ፈረንጆች ከነሻንጣቸው ይዞ ወደ ኮልፌ ነዳው። ዛሬ ከአስር ሰዓት በኋላ በሬ ላይ ደረሰ። ሼህ ሙዘይንን ጠራን፣ ረሻድም እየሮጠ መጣ። ጀላል ከዝናቡ ሥር ቆሞ፣ "ሰዓዳን ፈትቻታለሁ፤ አላህ ከመረጠችው ጋር ያኑራት። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ፤ ጨዋታ መስሎኝ ነው" አላት። "አውቃለሁ፣ ወንድሜ፤ እኔም መስሎኝ ነበር" አለችው።

ፈረንጆቹ ከአውቶቡሱ መስኮት ሆነው አጨበጨቡ። አንዱ ወርዶ ካሜራውን ደገነ። ልጄ ቢጫውን ዣንጥላ በካሜራው ፊት ጧ አድርጋ ዘረጋችው። ስለዚህ በሚቀጥለው ፖስት ካርድ ላይ ሙሽራ አይኖርም፤ የምትስቅ ፀሐይና የእርስዎ ማኅተም ብቻ ናቸው።

ረሻድ ሮጦ ለአባቱ ነገራቸው፤ ሽማግሌዎቹ አመሻሹ ላይ ተመልሰው መጡ። አሁን ሳሎኔ ውስጥ ናቸው። ተቀምጠዋል። ሻይ ይጠጣሉ።

የቀረው የመህሩ ጉዳይ ነው። ሕጉ ግማሹን ለሰዓዳ፣ ግማሹን ለጀላል ይላል። ጀላል ደግሞ የእሱ ድርሻ ለአሠሪዎቹ ይድረስልኝ ብሏል፣ እየተፈለገ ስለሆነ። ክፍፍሉን ያደረገችው ራሷ ሰዓዳ ናት፤ የስፌት መቀስ አላት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጋዜጣ ተጠቅልሎ የደረሰዎት የዣንጥላው እጀታና ሽቦው ነው፤ ቆጥረው ይረከቡ። ጨርቁ እኛ ጋ ቀርቷል፤ ዝናቡ እዚህ ነው።